የጓድ ነጋሽ ለቅሶ

ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ቁልቁል ወርዶ ወርዶ መውረጃ ሲያጣ የሚቆምበት ወንዝ ዳር፣ አንድ ረድፍ የጭቃ ቤት ነበር። ነዋሪዎቹ ስም አላወጡለትም፤ «ታች» ይሉታል። የት ነው የምትኖረው? ታች። በቃ፣ ከዚያ በታች ውሃ እንጂ ቤት የለም። በበጋ ወንዙ የሰፈሩ አሽከር ነው፤ እጣቢ ይሸከማል፣ የዶሮ ላባ ይሸከማል፣ ባልና ሚስት ተጣልተው የወረወሩትን ሰሃን ይሸከማል። ክረምት ሲገባ ግን ጌትነት ያምረዋል። ያን ጊዜ የታች ሰው የሚተኛው በአንድ ጆሮው ብቻ ነው፤ ሌላኛው ወንዙን ያደምጣል። ውሃው እያጉረመረመ ከሄደ ደህና ነው። ድንጋይ ማንከባለል ከጀመረ ልጅ ይታዘላል፣ ዕቃ ይጠቀለላል።

በረድፉ መጨረሻ ላይ፣ ለውሃው ከሁሉም በቀረበችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚኖረው ጓድ ነጋሽ ነበር። «የሚኖረው» የምትለዋን ቃል ለጊዜው እንዳለች እንቀበላት።

ነጋሽ የቀበሌው የውይይት ክበብ ኃላፊ ነው። አባቱ በደጉ ዘመናቸው ፒያሳ ውስጥ ቤት በቤት ላይ እየደረቡ ያከራዩ የነበሩ ሰው ናቸው። ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ንዴቱ አልጋ ላይ ጣላቸው፤ ብዙም አልቆዩ። ለልጆቻቸው የቀረችው ታላቂቱ ልጅ ሰርክአዲስ የምትኖርባት ባለ በረንዳዋ ቤት ብቻ ናት። ነጋሽ የዘመኑን ነፋስ ቶሎ አሸተተ። ያኔ የጭቁን ልጅ መሆን እንደ ዲግሪ ይቆጠር ነበር፤ እንዲያውም ይበልጥ ነበር፣ ዲግሪ ያለው ይጠረጠራላ። የአከራይ ልጅ ደግሞ ጭቁን ሆኖ መወለድ አይችልም። መከራየት ግን ይችላል። ነጋሽ ወደ ታች ወርዶ ጭቁንነቱን ከቀበሌ ተከራየ።

ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ወንዝ ይፈራል። ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ሲጠቁር የእሱም ሆድ አብሮ ይጠቁራል። ስለዚህ ዘዴ ዘየደ። ደመና ባየ ቁጥር የፊቱን በር ከውስጥ ይቀረቅራል፤ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ ይከፍታል፤ ከዚያ በጓሮ በር ውልቅ ብሎ፣ ፍየል እንኳ አስባ በምትረግጣት የወንዝ ዳር መንገድ ተሹለክልኮ፣ በድልድዩ ሥር አልፎ ሽቅብ ወደ እህቱ ቤት ይወጣል። ጎረቤት ምን ያውቃል? በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ሬዲዮኑ ይናገራል፤ ጓድ እያጠና ነው ይላል። ልጆች ደጁ ላይ እንዳይጮሁ ይቆጣል። ግድግዳ የሚጋሩት እማማ ደብሪቱ ደግሞ፣ ብቻውን የሚያጠና ወንደላጤ አንጀታቸውን እየበላቸው፣ ቆሎ በሰሃን ደጁ ላይ ትተውለት ይሄዳሉ። ነጋሽ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተመልሶ፣ ዝናብ ያበሰበሰውን ቆሎ ወንዝ ውስጥ ደፍቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ጣፋጭ ነበር» ብሎ ሰሃናቸውን ይመልሳል።

ይህን ያህሉ የሱ ጉድ ነው፤ ለሱ በቀረ ነበር። ሰኔ ላይ የሆነው ግን የሱ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ሰኔ ላይ የታች ሰዎች ቀበሌ ስብሰባ መጥተው አቤት አሉ። ወንዙን የሚያግደው የድንጋይ ካብ ባለፈው ክረምት ተሰንጥቋል፤ ላይ ደግሞ የቀበሌው መጋዘን ባዶውን ተቀምጧል፤ ክረምቱን እዚያ እንለፍ፣ መስከረም ሲጠባ እንመለሳለን ነው ነገሩ። የተናገረላቸው ልብስ ሰፊው ዘይኑዲን ነበር፤ ንግግር የማያውቅ፣ ሲናገር እጁ የሌለ ጨርቅ የሚያጥፍ ሰው። ሊቀመንበሩ ነገሩ ልክ ነው መሰለው፣ አንገቱን መነቅነቅ ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ነጋሽ ተነሣ። ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን የሚለው መፈክር ገና ቀለሙ ያልደረቀበት ዓመት ስለነበር በሱ ጀመረ። ንግግሩ ረጅም ነው፤ ሰው ያስታወሰው ግን መጨረሻውን ነው።

«ለወንዙ ከሁላችሁም የምቀርበው እኔ ነኝ» አለ። «አደጋ ቢኖር ኖሮ ቀድሜ የምሸሸው እኔ አልነበርኩም? እኔ እዚያ እያደርኩ እናንተ ወዴት ነው የምትሄዱት?»

ዘይኑዲን ተቀመጠ። ምን ይበል? የተማረ ሰው፣ ፎቅ ሳያጣ ጭቃ ቤት መርጦ አጠገባቸው ይተኛል፤ እነሱ ፈራን ይበሉ? ይሉኝታ አፋቸውን ያዛቸው። ነጋሽም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም እንዲህ ያለው። ታች ባዶ ከሆነ የእሱ ጭቁንነት ማን ጋ ያድራል? ይህን ለራሱም በግልጽ አላለውም፤ ጭብጨባው ቶሎ ስለመጣ የሚያስብበት ጊዜ አላገኘም።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። በአንዱ እሑድ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሰማዩ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ። ነጋሽ እንደ ልማዱ ቀረቀረ፣ ሬዲዮኑን ከፈተ፣ በጓሮ ወጣ።

ሰርክአዲስ በሩን ስትከፍትለት፣ «ጭቁኑ መጣ» አለች። «ጫማህን አውልቅ፣ ወለሉ አሁን ነው የተወለወለ።»

ሐሙስ ሐሙስ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው እያለ ለሚያስተምረው ወንድሟ የጾም ሽሮ አቀረበችለት፤ በሷ ቤት ሌላ ነገር እንደማይገኝ ስለሚያውቅ እያጉረመረመ በላ። ሙቅ ውሃ አገኘ፣ በሽቶ ሳሙና ታጠበ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ሶፋው ላይ ተጋደመ። ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ አይባልም፤ ሰማይ በአንድ ወገኑ ተቀደደ ነው የሚባለው። ቆርቆሮው ከመጮኹ የተነሣ ሰርክአዲስ መስኮቱ ጋ ቆማ የምትናገረው በግማሽ ነው የተሰማው። ታች ያሉት ሰዎች እንዴት ይሆኑ ይሆን ነው ያለችው።

«ለምደውታል» አለ ነጋሽ፣ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ እየሳበ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው፤ የሰው እንቅልፍ፣ በሁለት ጆሮ የሚተኛ።

ሲነቃ ገና አልመሸም፤ አባርቷል። ፀሐይዋ ምንም እንዳላደረገች ሁሉ ወጥታለች። ነጋሽ ጫማውን ወልውሎ፣ ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ቁልቁል ወረደ። ድልድዩ ጢም ብሎ ሞልቷል። የፒያሳ ሰው ወንዝ ሲሞላ ሲኒማ እንደተከፈተ ነው የሚቆጥረው፤ የእሑድ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጥላውን አጥፎ፣ ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ሙላት ሊያይ ይወጣል። ውሃው የሻይ ቀለም ይዞ፣ ቆርቆሮና ግንድ እያላተመ ይሄዳል። አልፎ አልፎ በርጩማ ወይም የአልጋ ቋሚ ሲመጣ ሰዉ በጣቱ ይጠቁማል፤ የማን ይሆን እያለ።

ነጋሽ ቁልቁል አየ። ረድፉ መጨረሻ ላይ ቤቱ የለችም። ቀጥላ የነበረችውም የለችም። ከዚያ ቀጥላ የነበረችው ደግሞ ግማሽ ናት፤ የተከፈለ ዳቦ መስላ ውስጧ ይታያል።

አጠገቡ በቆሎ እሸት የምትጠብስ አባይነሽ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሰው አባይነሽ እያለ ከሷ ስለሚገዛ ነው ስሟን ያወቀው። እሷ እሱን አታውቀውም። ሰው ሞቷል እንዴ ብሎ ጠየቃት።

አንድ ሰው ብቻ ነው አለችው፣ ከሰሉን እያራገበች። የቀበሌ ሰው ነው፣ ግን ደግ ሰው ነበር ይላሉ። ውሃው ድንገት ነው የመጣው፤ ሰዉ ያለውን ይዞ ሲሮጥ ከዚያኛው ቤት ድምፅ ይሰማል። በሩ ቢመታ አይከፈትም፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ያን ጊዜ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ ምስኪን፣ የስፌት መኪናውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሽቅብ እየወጣ ነበር። መኪናውን መሬት ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ቆርቆሮውን በእጁ ቀዶ በጣሪያ ገባ። ግድግዳው ተናደበት። እሱን በገመድ ጎትተው አወጡት፤ ጣቶቹን ቆርቆሮ በልቷቸዋል። ሰውየውን ግን አላገኘውም። ሲወጣ መኪናውም የለችም፣ ያስቀመጠበት መሬትም የለም።

«ሬዲዮው እስኪሰጥም ድረስ ስለ ማዳበሪያ ያወራ ነበር አሉ» አለችና ቀና ብላ አየችው። «ምነው፣ ዘመድህ ነው እንዴ? ፊትህ ተለዋወጠ።»

«አይ... አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ ነፍስ ይማር በል።»

«ነፍስ ይማር» አለ ነጋሽ።

ወዲያው ከላይ፣ ከእሪ በከንቱ ሜዳ በኩል የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባ ነፊው ስሙን ሲጠራ ሰማ፤ ጓድ ነጋሽን ውሃ ወስዶታል፣ እድርተኛ ወደ ድንኳን ውጣ። ድልድዩ ላይ ያሉ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነጋሽም ባርኔጣ ባይኖረውም እጁ ወደ ራሱ ሄደ።

ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ብዙ ነገር ያስባል ይባላል። ነጋሽ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ደረቅ መሆኑን። ከተወለወለው ጫማው እስከ ተላጨው ጉንጩ ድረስ ደረቅ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እንዲህ ሆኖ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ቢገባ ምን ይላል? ጠፍቶ ቢቀርስ? ለመጥፋት እንኳ ፈቃድ በሚጠየቅበት ዘመን ወዴት ይጠፋል? እግሩ ከራሱ ቀድሞ ወሰነና ወደ ድልድዩ ሥር ይዞት ወረደ። ካፖርቱን ድንጋይ ሥር ሸጎጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጭቃ መቀባት ጀመረ። መጀመሪያ ሱሪውን። ቀጥሎ ደረቱን፤ ያነሰ መሰለውና ጨመረ። ፀጉሩ ላይ አንድ እፍኝ። የሸሚዙን እጅጌ ሊቀድ ቢስብ ጠንካራ ስፌት ነው፣ እምቢ አለው። ዘይኑዲን ነው የሰፋው። በጥርሱ ቀደደው።

ግንድ ላይ ተንጠልጥዬ ተረፍኩ እላለሁ አለ በልቡ። የባሕር ዛፍ ግንድ።

ሽቅብ ሲወጣ ከድንኳኑ ጀርባ የእማማ ደብሪቱን ድምፅ ሰማ። ደረታቸውን እየመቱ ያወርዱታል፤

«ፎቁን ንቆ መጥቶ ከኛ ጋር ያደረ፣
ምነው እኛን ምሮ ወንዙ እሱን አስቀረ።»

ሰዉ ተቀብሎ ያለቅሳል። ለአንድ ነጋሽ ተብሎ ከሚለቀሰው በላይ ነው የሚለቀሰው። ምክንያቱ ገባው። የልጅ ሬሳ ደጅ ላይ ወድቆ ማልቀስ የተከለከለበት ክረምትና በጋ ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም። እማማ ደብሪቱ ራሳቸው አንድ ልጃቸውን ከሁለት ዓመት በፊት ታጣቂዎች እንደወሰዱባቸው አልመለሱላቸውም፤ ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ አንዲት ግጥም አላወረዱም። ዛሬ የተፈቀደ ለቅሶ ተገኘ። የቀበሌ ሰው ነው የሞተው፣ ማን ይከለክላል? ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በነጋሽ ስም ውዝፍ ሙታኑን ያወጣ ነበር።

ተመልሶ ሊሄድ ዞረ። አንዱ ለሽንት ወጥቶ አየው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግርግር ነው። ጥቂቶች ሸሹ። ብዙዎቹ ተናጠቁት፤ የሚያቅፈው፣ ጭቃውን የሚስመው፣ እውነት መሆኑን ለማወቅ የሚቆነጥጠው። «ግንድ ላይ ተንጠልጥዬ...» ብሎ ሳይጨርስ አመኑት። ሳይጠይቁ የሚያምኑትን ሰው መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሱ አስደነገጠው። አንዲት ሴት፣ እጇ ለለቅሶ መጪ መዝገን ለምዶ ኖሮ፣ ንፍሮ ዘግና እጁ ላይ አደረገችለት። የራሱ ንፍሮ ነው። ሊያስቀምጠው ቦታ ስላጣ በላው።

የዘይኑዲን ሚስት ዙህራ ባሏ ትከሻ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ገፍፋ ለነጋሽ አለበሰችው። ዘይኑዲን ቀኝ እጁ በሽርጥ ተጠቅልሎ፣ ደሙ በጨርቁ ወጥቶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ መጣ።

«ጓድ ነጋሽ፣ አውፍ በለኝ» አለ። «ደርሼ ነበር። አልጋው ድረስ ደርሼ ነበር፤ ጨለማ ሆኖ አጣሁህ። ትንሽ ብታገሥ ኖሮ...»

ነጋሽ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

እማማ ደብሪቱ መሀል ላይ የቀረች ግጥማቸውን እንደ ጉርሻ ውጠው ያዩት ነበር። መጡና አጠገቡ ተቀመጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ይጠርጉት ጀመር። ጭቃው ሲለቅ የተላጨው ጉንጭ ወጣ። የሳሙናው ሽታም ወጣ። እጃቸው ቆም አለ። በአንገቱ በኩል ወደ ጀርባው ገባ፣ እንደገና ወጣ።

«ልጄ» አሉ፣ ከሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ። «ጀርባህ ደረቅ ነው።»

ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እሳቸው ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳብ አድርገው ጀርባውን ሸፈኑለት። ከደረቱ ላይ ጭቃ በጣታቸው ጠቅሰው የጠረጉትን ጉንጩን መልሰው ቀቡት። ሰው ሲያያቸው የሚያባብሉት ይመስላል። እናት ልጇን እንግዳ ፊት የምታስተካክል ይመስላል። ነጋሽ በሕይወቱ ተሰድቧል፣ ሁለት ቀን ታስሯል፣ አባቱ በጥፊ መትተውታል፤ እንደዚያች እጅ ያለ ነገር አርፎበት አያውቅም።

ነገሩ እዚያው ላይ ቢቆም ኖሮ እንደዚሁ ሊቀር ይችል ነበር። ግን የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረዮሐንስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ጎበዝ፣ እግዜር ሰውየውን ከውሃ አፍ ከመለሰልን ቦታውንም ባርኮታል ማለት ነው» አሉ። «ዛሬን እዚሁ ድንኳን ውስጥ እንደምንም እንደር። ነገ እንጨትና ቆርቆሮ እናሰባስብና ቤቶቹን እዚያው እናቆማለን። እሱ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ወጥቶ ካልሸሸ፣ እኛ ምን ሆንን ብለን እንሸሻለን?»

ዙህራ፣ ልጇን ታቅፋ፣ እኔ ልጄን ይዤ ተመልሼ እዚያ አልወርድም ብላ አጉተመተመች። አንዱ ከኋላ ነጋሽን እያሳየ፣ አታፍሪም እንዴ፣ እሱን አይተሽ አትጽናኚም አላት። ዙህራ አፈረች። ዓይኗን ወደ መሬት ስትሰብር ነጋሽ አየ። ሰኔ ላይ ባሏ እንዲሁ ነበር የተቀመጠው።

«እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለ ነጋሽ።

የሰማው ትንሽ ሰው ነው። የሰሙትም ደንግጦ ነው፣ ውሃ ስጡት አሉ። ጣሳ መጣ። ጣሳውን ወደ ጎን አድርጎ ተነሣ፤ ድምፁ ስብሰባ ላይ የሚያውቁት ድምፅ አልነበረም።

«እህቴ ቤት ተኝቼ ነበር። ደመና ባየሁ ቁጥር በጓሮ በር ወጥቼ እዚያ ነው የማድረው። ዝናብ ባለበት ሌሊት ታች አድሬ አላውቅም፤ አንድም ቀን። ጭቃውን ድልድዩ ሥር ነው የተቀባሁት።» ብርድ ልብሱን ገልጦ ዞረ። ጀርባው እንደ ተተኮሰ አንሶላ ነጭ ነበር። እንደዞረ ቆየ፤ ፊቱን ከማሳየት ጀርባውን ማሳየት ቀለለው።

ውጭ ወንዙ ድንጋይ ሲያንከባልል ይሰማ ነበር።

«ሬዲዮኑስ?» አለ ዘይኑዲን በመጨረሻ።

«ቤት ያለሁ እንዲመስላችሁ ነው።»

ዘይኑዲን የተጠቀለለ እጁን አየ፣ ገልበጥ አድርጎም አየው። «እኔኮ ያንተ ድምፅ መስሎኝ ነበር» አለ። «ቆርቆሮውን ስቀድ መጣሁ፣ መጣሁ እያልኩ እመልስለት ነበር።»

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ወደ ሳል ለወጠው። ጋሽ ገብረዮሐንስ ቁጭ አሉ። ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ «መልካም ነው» አሉ። «እድራችን ለአንድ ሰው ሁለቴ አያለቅስም። ያንተን በልተሃል። የዛሬ ስንት ዓመት ስትሞት ጡሩምባውን ራስህ ትነፋለህ።» የቀልድ አልነበረም፤ የቀልድም ነበር። የአራዳ ሰው ሲፈርድ እንዲህ ነው።

ነጋሽ እማማ ደብሪቱን ፈልጎ አየ። ከሁሉም የከበደችው የሳቸው ግጥም ነበረች። «እማማ፣ እርስዎን...» ብሎ ጀመረ።

«ተወው» አሉ እሳቸው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ያለቀስኩት ላንተ ብቻ አልነበረም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ንግግር ነጋሽ ራሱ በደንብ አላስታወሰውም። የእህቴ ቤት ሰፊ ነው፣ ክረምቱ እስኪያልፍ እዚያ ሁኑ አለ። ሐሙስ ስብሰባው ላይ ይህንኑ ለቀበሌው ሁሉ እናገራለሁ፣ መጋዘኑም ይከፈትላችኋል አለ። ከኃላፊነቱ እንደሚወርድ፣ ምናልባትም ከዚያ የከፋ ነገር እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን ለዚያ አላዘነለትም፣ እሱም እንዲያዝኑለት አልጠበቀም። ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ማን ቀድሞ ይነሣል? የዋሸ ሰው ቤት መግባት ደግሞ ሌላ ውርደት ነው፣ በዚያ ላይ የአከራይ ቤት።

ዙህራ ተነሣች። ልጇን ወደ ጀርባዋ ወርውራ አዘለች። «ልጁ በርዶታል» አለች። «ማፈሩን እሱ ይፈር። እኛ እንሂድ።»

ወጡ። ዳገቱን ሲወጡ ጥቅልላቸውን ተሸክመው፣ ሁለት ዶሮ ይዘው፣ ከለቅሶ የሚመለስ ሳይሆን ሠርግ ሊሄድ ወጥቶ መንገድ የተሳሳተ ሰልፍ ይመስሉ ነበር። ነጋሽ ከፊት ይሂድ ከኋላ ስላላወቀ በጎን በጎን ሄደ። ጥቅልል ሊያግዝ እጁን ሲዘረጋ ሰዉ ወደ ሌላኛው ትከሻው ያዛውራል።

ሰርክአዲስ በሩን ከፈተች። ጡሩምባውን ሰምታ፣ ወንድሟ ሶፋ ላይ እንዳልነበር አይታ፣ ምን እንደሚሆን መግቢያው ላይ ቆማ ትጠብቅ ኖሮ ዓይኗ አብጧል። ሰዎቹን አየች፤ በጭቃ የተለሰነውን ወንድሟን አየች። ስለ ወለሉ ምንም አላለችም። «ግቡ» ብላ ከበሩ ዞር አለች። ልጆቹ ገቡ፣ ዶሮዎቹም ገቡ። የታች ሰው ጫማ ማውለቅ ጀመረ፤ አታውልቁ ብትላቸውም በእግራቸው ያስገቡት ጭቃ ስላሳፈራቸው ግድግዳውን ታክከው ቆሙ። እነሱ አፈሩ። ነጋሽ ያን ሲያይ የሚገባበት ጠፋው።

ዘይኑዲን ሸሚዙ ረጥቦ ገላው ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል። ሰርክአዲስ ከቁም ሳጥን የአባታቸውን ደረቅ ሸሚዝ አምጥታ፣ ዘይኑዲንን በዓይኗ እያሳየች ለነጋሽ ሰጠችውና ወደ ኩሽና ሄደች። ዙህራ ልጁን እያጠባች ነው። ዘይኑዲን በግራ እጁ ቁልፎቹን ሊፈታ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ነጋሽ ቀረብ ብሎ ቆመ። ልፍታልህ ብሎ መጠየቅ አልቻለም። እጁን ዘረጋ። ዘይኑዲን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ግን አልከለከለውም፣ አገጩን ከፍ አደረገለት።

አንዱን ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ከቅርብ ሲያየው የሰውየው ደረት በቆርቆሮ ተቧጭሯል፤ ጭረቱ ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ ወደ ታች ይሄዳል።

«ሦስተኛው ክሩ ላልቷል» አለ ዘይኑዲን፣ ከመስኮቱ ዓይኑን ሳያነሣ። «ላጠብቀው ብዬ ዛሬ ነገ ስል... ቀስ በል።»

ነጋሽ ቀስ አለ። ቁልፉ ግን እጁ ላይ ተበጥሶ ቀረ። መዳፉ ላይ አድርጎ ያዘው፤ ለዘይኑዲን እንዳይሰጠው መቀበያ እጅ የለውም፣ እንዳያስቀምጠው የት ያስቀምጠዋል? በግራ እጁ እንደጨበጠው፣ በአንድ እጁ አራተኛውን መፍታት ጀመረ።